ድመትዎ ከሳጥኗ ውጭ ስትሸና ምን እያለችዎት ነው?

ድመት ያለበት ቤት ሁሉ ይሸታል ብለው የሚያምኑ ሰዎች ብዙ ናቸው። እንግዳ ገና ከበሩ ሲገባ አፍንጫውን ሸብሸብ ካደረገ ባለቤቶቹ ያፍራሉ። እጣን ይጨሳል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ጥሩ መዓዛ ያለው ፈሳሽ በየጥጉ ይረጫል። ሽታው ግን ለግማሽ ሰዓት ተሸፍኖ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ አንድ ቀን ምንጣፉ ላይ፣ ሌላ ቀን የልጆቹ አልጋ ላይ እርጥብ ቦታ ይገኛል። የቤተሰቡ ትዕግሥት ያልቅና «ይቺ ድመት ከዚህ ቤት ትውጣ!» ይባላል። ድመቷ በኬሻ ተደርጋ ሩቅ ሰፈር የምትጣለውም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ሲሆን ነው። እሷ ለጎዳና ትዳረጋለች፣ ልጆቹም ለቀናት ያለቅሳሉ።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ይህን ውሳኔ የሚያስቀር ነው። ጤነኛ ድመትና በአግባቡ የተያዘ የመጸዳጃ ሳጥን ያለበት ቤት አይሸትም። ድመቷ ከሳጥኗ ውጭ መሽናት ከጀመረችም ነገሩ ብልግና ወይም በቀል አይደለም። ወይ ሳጥኑ አልተመቻትም፣ ወይ አሟታል፣ ወይ ቤቱ ውስጥ ያስጨነቃት ነገር አለ። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደግሞ ትንሽ ማስተዋል ይበቃል።

ዓመሏ ከየት መጣ?

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል። ተረቱ የሚነሣው ለወቀሳ ነው፤ በመጸዳጃ በኩል ግን የድመት ዓመል ንጽሕና ነው። የቤት ድመት ዘሯ የሚመዘዘው በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ደረቅ ምድር ከሚኖረው የአፍሪካ የዱር ድመት ነው። በዚያ ምድር ውሃ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የድመት ኩላሊት ውሃውን ለሰውነት አስቀርቶ ጥቂት ግን በጣም ወፍራም ሽንት እንዲያወጣ ሆኖ ተፈጥሯል። ለስላሳ አፈር ቆፍሮ መሽናትና መልሶ መቅበርም አብሯት የተወለደ ጠባይ ነው። አንድ ወር ገደማ የሆናት ግልገል ማንም ሳያሳያት አሸዋ መጫር ትጀምራለች።

በአያቶቻችን ቤት ድመቷ ጎተራውን ከአይጥ ትጠብቅ ነበር። ስትፈልግ ጓሮ ትወጣለች፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ከምድጃው አጠገብ የቀዘቀዘ አመድ ፈልጋ ትቆፍራለች። ዛሬ በኮንዶሚኒየምና በአፓርታማ ስንኖር ጓሮውም ምድጃውም የለም። ያቺ አንዲት ሳጥን ለድመቷ ጓሮዋም አመዷም ሆናለች ማለት ነው።

በነገራችን ላይ አመድ የእኛ አገር ብቻ ልማድ አልነበረም። በአሜሪካም ድመት የሚያሳድጉ ሰዎች ሳጥን ውስጥ የሚጨምሩት አሸዋ ወይም አመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በሚሺጋን ግዛት ይኖር የነበረው ኤድዋርድ ሎው ለአንዲት ጎረቤቱ በአመዱ ፋንታ ፈሳሽ የሚመጥ የደረቀ ሸክላ አፈር ሰጣት። ጎረቤቲቱ ወደደችው፤ እሱም አፈሩን በከረጢት እያደረገ መሸጥ ጀመረ። አሁን በሱፐርማርኬቶች የምናየው የድመት አሸዋ መነሻው ይኸው ነው። ቤንቶናይት ከሚባለው ሸክላ የሚሠራውና ሽንት ሲነካው ወዲያው የሚጓጉለው ዓይነት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚሸተው ምኑ ነው?

ትኩስ የድመት ሽንት ብዙ አይሸትም። ሽታው የሚበረታው ሽንቱ ሲያድር ነው። በሽንቱ ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ሲያፈርሱት አሞኒያ የሚባለው ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። በተጨማሪም በድመት ሽንት ውስጥ ፌሊኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። እሱም ቀስ በቀስ ሲፈርስ ድኝ ያለባቸው ከባድ ሽታዎች ይፈጥራል። ፌሊኒን በብዛት ያለው ባልተኮላሸ ወንድ ድመት ሽንት ውስጥ ነው። የአውራ ድመት ሽታ ከሴቷ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ሽንቱ ሳይቆይ ከተነሣ ሽታው የሚፈጠርበት ጊዜ አያገኝም። ሁለተኛ፣ ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ውስጥ ሰርጎ የደረቀ ሽንት እርጥበት ባገኘ ቁጥር ሽታው እንደገና ይነሣል። በበጋ የጠፋ የመሰለው ሽታ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተመልሶ ቤቱን የሚሞላው ለዚህ ነው። እጣን አፍንጫችንን ለጊዜው ያዘናጋ ይሆናል፤ ምንጣፉ ውስጥ ያለውን ሽንት ግን አያነሣውም።

ሳጥኑ ለድመቷ እንዲመች

ሳጥን ስንገዛ የምናየው ለእኛ ዓይን ማማሩን፣ ጥግ ውስጥ መግባቱን ነው። ድመቷ የምትፈልገው ሌላ ነው።

ብዛት፦ የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት ቀመር ቀላል ነው፤ ከድመቶቹ ቁጥር አንድ የበለጠ ሳጥን። ለአንድ ድመት ሁለት፣ ለሁለት ድመቶች ሦስት። ሳጥኖቹ በተለያየ ቦታ ይሁኑ፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሳጥኖች ለድመቷ እንደ አንድ ናቸው። ቤትዎ ጠባብ ከሆነና አንድ ድመት ብቻ ካለችዎት አንድ ሳጥንም ሊበቃ ይችላል፤ ግን በቀን ሁለት ጊዜ መጽዳት አለበት።

ስፋት፦ የሳጥኑ ርዝመት ድመቷ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መነሻ ያላትን ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን መልካም ነው። ተሠርተው የሚሸጡት ሳጥኖች ብዙዎቹ ከዚህ ያንሳሉ። ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ወይም በአንድ ጎኑ ዝቅ ተደርጎ የተቆረጠ ሰፊ የፕላስቲክ ሳጥን ዋጋውም ይቀንሳል፣ ለድመቷም ይመቻል። ለግልገልና መገጣጠሚያዋን ለሚያማት አሮጊት ድመት መግቢያው ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

ክዳን፦ ክዳን ያለው ሳጥን ሽታውን ከእርስዎ ይሸፍናል፤ ለድመቷ ግን ውስጥ ያጠራቅምባታል። የማሽተት ችሎታዋ ከእኛ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ክዳን ያለውን ከመረጡ ከማንኛውም ሳጥን የበለጠ ማጽዳት ይጠበቅብዎታል።

ቦታ፦ ጸጥ ያለ፣ ድመቷ በማንኛውም ሰዓት የምትደርስበት፣ ከምግቧና ከውሃዋ የራቀ ቦታ ይምረጡ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብ አያድርጉት፤ ማሽኑ አንድ ቀን በድንገት ሲያንጎራጉር ደንግጣ ከሮጠች ወደዚያ ቦታ ላትመለስ ትችላለች። ሳጥኑ በረንዳ ላይ ከሆነም ማታ በሩ ሲዘጋ የት ትሂድ? መታጠቢያ ቤት ከተቀመጠ በሩ ሁልጊዜ ገርበብ ይበል፤ ይህንንም የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ሠራተኛዋም ጭምር ይወቁት።

አሸዋው፦ አብዛኞቹ ድመቶች የሚወዱት ደቃቅና ሽቶ የሌለው አሸዋ ነው። የአበባ መዓዛ የተጨመረበት አሸዋ የተሠራው ለገዢው አፍንጫ ነው፤ ብዙ ድመቶችም ይሸሹታል። ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። ከውጭ የሚመጣው አሸዋ ዋጋው ከከበደዎት ከእንጨት ሥራ ቤት የሚገኝ ንጹሕ ሰጋቱራ ወይም የተቀዳደደ ጋዜጣ መጠቀም ይችላሉ። ሰጋቱራው ቀለም፣ ቫርኒሽ ወይም ሌላ ኬሚካል ካልነካው እንጨት የወጣ መሆኑን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። ሰጋቱራና ወረቀት ስለማይጓጉሉ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለባቸው። አራት ወር ላልሞላት ግልገል የሚጓጉለውን አሸዋ አይስጧት፤ ስትጫወት ከበላችው አንጀቷን ሊደፍን ይችላል። የአሸዋውን ዓይነት ሲቀይሩም በአንድ ቀን አይሁን። አዲሱን ከድሮው ጋር እየቀላቀሉ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ ያለማምዷት።

የየዕለቱ አምስት ደቂቃ

የቤት ሽታ የሚሸነፈው በዚህች አምስት ደቂቃ ነው። ጠዋትና ማታ፣ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ፣ የጓጎለውንና ዓይነ ምድሩን በቀዳዳ መዛቂያ ያውጡ፤ የጎደለውን ያህል አሸዋ ይጨምሩ። ለዚህ ውሃ ስለማያስፈልግ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ሰበብ አይሆንም። የሚጓጉለው አሸዋ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ፣ የማይጓጉለው በየሳምንቱ፣ ሰጋቱራና ወረቀት ደግሞ በየሁለት ቀኑ ገደማ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ያን ዕለት ሳጥኑን በሙቅ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ሁለት ሳፋ ካለዎት አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል። አሸዋውን ከመጨመርዎ በፊት ከሥር ስስ አድርገው ቤኪንግ ሶዳ ቢነሰንሱ ሽታ ይቀንሳል።

ፕላስቲክ በጥፍር በተቧጨረ ቁጥር ሽታ በጭረቶቹ ውስጥ ይቀራል። ታጥቦም የሚሸት ሳጥን ዕድሜው አልፏልና በዓመት አንድ ጊዜ ይለውጡት።

ያወጡትን ቆሻሻ በፌስታል አድርገው፣ አጥብቀው አስረው ከሌላው ደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣሉት። ሽንት ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይጨምሩት። የሚጓጉለው አሸዋ ውሃ ሲያገኝ ያብጥና ቱቦ ይደፍናል፤ በፎቅ ቤት ደግሞ የተደፈነ ቱቦ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን ከታች ያለውም ጎረቤት ጣጣ ነው።

ስለ ምግቧም አንድ ነገር እንበል። ልጆች ለድመት ወተት መስጠት ይወዳሉ፤ አብዛኞቹ ያደጉ ድመቶች ግን በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ መፍጨት አይችሉም። ውጤቱ ተቅማጥና ከባድ ሽታ ነው። ከሥጋ ቤት የሚመጣ ሳንባና ትርፍራፊ ከሆነ በደንብ ይቀቀል። በጾም ወራት ቤቱ ሁሉ ሲጾም ድመቷን ወደ ሽሮ ፍትፍት ማዞር ሆዷን ያውካል፤ ከዚያም በላይ ወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው። ንጹሕ ውሃ ዘወትር ከፊቷ አይጥፋ።

ከሳጥኑ ውጭ ስትሸና

መጀመሪያ የሸናችበትን ቦታ ይመልከቱ። ቁጢጥ ብላ ወለል፣ ምንጣፍ ወይም አልጋ ላይ ብዙ ሽንት ከተወች ሽንት ቤቷን ትታ እየሸናች ነው። ቆማ፣ ጭራዋን አቅንታ እያንቀጠቀጠች ግድግዳ፣ መጋረጃ ወይም የሶፋ ጀርባ ላይ ከረጨች ደግሞ ድንበሯን ምልክት እያደረገች ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

ምልክት ማድረግ የሚበዛው ባልተኮላሹ ወንዶች ላይ ነው። ማኮላሸት አብዛኞቹን ያስተዋቸዋል፣ የሽንቱንም ሽታ በእጅጉ ይቀንሰዋል። ልማዱ ሳይጸና፣ ድመቱ በወጣትነቱ ቢደረግለት ይመረጣል። ሴቷንም ማስመከን ያልታሰበ ግልገል ከመታቀፍ ያድናል። ከተኮላሸ በኋላም የሚረጭ ድመት ካለ ብዙውን ጊዜ ያስጨነቀው ነገር አለ፤ በመስኮት የሚያየው የውጭ ድመት፣ አዲስ የመጣ ሕፃን፣ የቤት ለውጥ ወይም የበዓል ሰሞን የእንግዳ ብዛት ሊሆን ይችላል።

ቁጢጥ ብላ ከሳጥኗ ውጭ የምትሸና ከሆነ ራስዎን በቅደም ተከተል ይጠይቁ። ሳጥኑ ዛሬ ተጠርጓል? ቦታው ተቀይሯል? አሸዋው ተለውጧል? ሌላ ድመት ወይም ውሻ መንገድ ይዘጋባታል? ለእነዚህ ሁሉ መልሱ «ምንም አልተለወጠም» ከሆነ፣ ወይም ጠባዩ በድንገት ከመጣ፣ ቀጣዩ እርምጃ የእንስሳት ሐኪም ነው። የፊኛ ሕመም፣ የኩላሊት ሕመም፣ የስኳር በሽታና የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ መጀመሪያ የሚታዩት እዚያ ሳጥን ዙሪያ ሊሆን ይችላል። ስትሸና የምታማት ድመት ሕመሙን ከሳጥኑ ጋር ታያይዘውና ሳጥኑን ትሸሻለች። ከወትሮው ብዙ ውሃ የምትጠጣና ትልልቅ ጓል የምትተው ድመትም ትመርመር።

መምታት፣ መጮህ፣ አፍንጫዋን ሽንቱ ላይ ማሸት ምንም አያስተምራትም። ድመት ቅጣቱን የምታያይዘው ከሽንቱ ጋር ሳይሆን ከሚቀጣት ሰው ጋር ነው። ውጤቱም ተደብቃ፣ እርስዎ በማያዩት የአልጋ ሥር መሽናት ይሆናል።

ነገ የማይባልበት ሁኔታ

ይህን ክፍል በተለይ ወንድ ድመት ያላችሁ አንባቢያን በጥሞና እንድታነቡት እንለምናለን። ወንድ ድመት የሽንት መተላለፊያው ቀጭን በመሆኑ በጠጠር ወይም በንፍጥ መሰል ነገር ሊደፈን ይችላል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሳጥኑ ውስጥ ደጋግሞ ይገባል፣ ያምጣል፣ የሚወጣው ጠብታ ነው ወይም ምንም የለም፤ ይጮኻል፣ ብልቱን ደጋግሞ ይልሳል፣ ሆዱን ሲነኩት ያመዋል፣ በኋላም ምግብ ይተዋል፣ ያስመልሰዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ድርቀት ይዞታል» ብሎ ዘይት ያጠጣና ነገን ይጠብቃል። ሽንት ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ድመት ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ማታም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ሳጥኑን በየቀኑ የሚጠርግ ሰው የጓሉን ብዛትና መጠን ስለሚያውቅ ለውጡን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።

የተሸናበትን ቦታ እንዴት እናጽዳ?

ድመት ሽንቷ የሚሸትበትን ቦታ መጸዳጃ አድርጋ ትወስደዋለች። ስለዚህ ሽታው ጨርሶ ካልጠፋ ትመለስበታለች።

1. ትኩስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ተጭነው ያስመጡት። አይሹት፤ ማሸት ወደ ውስጥ ያሰርገዋል።
2. በቀዝቃዛ ውሃ አርጥበው እንደገና ያስመጡ። በጣም ሙቅ ውሃና እንፋሎት ሽታውን ጨርቁ ውስጥ ሊያጸኑት ስለሚችሉ ይተዉአቸው።
3. አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለው ያፍስሱበት፤ 10 ደቂቃ ያህል ቆይተው ያስመጡት። አስቀድመው በማይታይ ጥግ ላይ ቀለም አለመልቀቁን ይሞክሩ። እብነበረድ ወለል ላይ ግን አቼቶ አይጠቀሙ፤ ድንጋዩን ይበላዋል።
4. ለቤት እንስሳት ሽንት የተሠራ ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ካገኙ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። በላዩ በተጻፈው መመሪያ መሠረት በቂ ጊዜ ይስጡት።
5. ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰው ያሳድሩና ጠዋት ይጥረጉት።

ሽታው እያለ ቦታው ከጠፋብዎት ነጋዴዎች የገንዘብ ኖት የሚመረምሩበትን የአልትራቫዮሌት ባትሪ ይዋሱ። መብራት አጥፍተው ሲያበሩት የደረቀ ሽንት ያበራል።

ሁለት ነገር ግን አደራ። በረኪና በሽንት ላይ አያፍስሱ፤ ከአሞኒያው ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ አደገኛ ነው። ዴቶልን የመሳሰሉ የፌኖል ዘር ያለባቸው የጀርም ማጥፊያዎችም ለድመት መርዝ ናቸው፤ ድመቷ በረገጠችው መዳፏን ስለምትልስ ወደ ሆዷ ይገባል። ሳጥኗንም በእነዚህ አይጠቡ።

ነፍሰ ጡር እናት ባለችበት ቤት

«እርጉዝ ሴት ካለች ድመት ትውጣ» የሚለው ምክር አሁንም ይሰማል። የሥጋቱ ምንጭ ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። እናቲቱን በእርግዝና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። ድመት ተሕዋሱን በዓይነ ምድሯ የምታወጣው በአብዛኛው መጀመሪያ በተያዘችበት ወቅት፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ነው። የወጣውም ሰውን መያዝ እስኪችል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ሳጥኑ በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ሥራውን ባል ወይም ሌላ የቤተሰብ አባል ይውሰደው፤ ሌላ ሰው ከሌለ ጓንት አድርጎ መጥረግና እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው። ድመቷ ጥሬ ሥጋ አትብላ፣ ለአደን ወደ ውጭ አትውጣ።

ደግሞም ይህ ተሕዋስ በጥሬና በደንብ ባልበሰለ ሥጋ፣ ባልታጠበ አትክልትም ይተላለፋል። ድመቷን አስወጥታ ጥሬ ክትፎና ቁርጥ የምትበላ ነፍሰ ጡር ከአደጋው አልወጣችም። የምርመራውን ነገር ከእርግዝና ክትትል ሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ።

ከዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል

ይህን ሲያነቡ ቤትዎ የሚሸት ከሆነ ዛሬ ማታ አራት ነገሮች ያድርጉ። አሸዋውን ሙሉ በሙሉ ቀይረው ሳጥኑን ይጠቡ። ሁለተኛ ሳፋ ሌላ ጥግ ላይ ያኑሩ። የድሮ የሽንት ቦታዎችን ፈልገው በአቼቶ ያጽዱ። የመጥረጉን ሥራም ስም ጽፈው ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉ፤ «ሁላችንም እንጠርጋለን» የተባለ ሳጥን ማንም አይጠርገውምና። ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ እጁን መታጠብ እስካልረሳ ድረስ ተራ ሊገባ ይችላል። ሁለት ሳምንት ይህን አድርገው ድመቷ አሁንም ከሳጥኗ ውጭ ከሸናች ኬሻ ከመፈለግዎ በፊት ሐኪም ያሳይዋት።

ቸር ሰንብቱ፤ በሚቀጥለው ወር እንገናኝ።